ማተብ ያሰረው ጣሳ

ገዳሪፍ ውስጥ በለጡን የሚያውቅ ሁሉ ምግብ እንደማትደፋ ያውቅ ነበር። የሚወዷት ይቀልዱባታል፣ የማይወዷት ያሽሟጥጧታል፤ እሷ ለሁለቱም ጆሮ አልነበራትም። የተረፈ እንጀራ ሻጋታ ሳይጀምረው ተቆራርሶ ጣራ ላይ ይሰጣና ድርቆሽ ይሆናል። ያረጀ ባሚያ ተከትፎ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ ሱዳኖቹ ዌካ የሚሉት ዱቄት ይወጣዋል። የሐብሐብ ፍሬ ታጥቦ በጨው ይቆላል። የቲማቲም ልጣጭ እንኳ ደርቆ ከበርበሬ ጋር ይደቆሳል። አጥንት ሁለት ጊዜ ሳይቀቀል ከድስት አይወጣም። የግቢው ውሻ፣ ጎረቤቷ ኡምሰልማ እንደምትለው፣ በለጡ የጣለችለትን አጥንት አንዴ አሽትቶ «ይሄን ከመጋጥስ እኔም ልጹም» ብሎ ይተኛ ነበር።

ቀን ቀን በአንድ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ጠርሙስ ታጥባለች። ደመወዙ ትንሽ ነው። ከባለሙያዎቹ የቀሰመችው ነገር ግን ነበር፤ ምልክት የሌለበት ዕቃ ምን እንደያዘ ማንም አያውቅም፣ ማንም የማያውቀው ነገር ደግሞ ይደፋል። ይህን ቤቷ ይዛው ገባች። የወተት ዱቄት ጣሳዎች ሰብስባ፣ አጥባ፣ ምስሩን፣ ድርቆሹን፣ ዌካውን ለየብቻ አስቀመጠች። እሑድ እሑድ ቀጭን ስንጥር ጣሳው ውስጥ ትከትና የደረሰበትን ለክታ ከውጪ በምስማር ትጭራለች። አንድ ጣሳ ምስር ለስንት ሳምንት እንደሚበቃ፣ በዝናብ ወር ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ እንግዳ የመጣበት ሳምንት የቱ እንደሆነ ከጭረቱ ታነበዋለች።

የምትኖረው ከኡምሰልማ ጋር ነው። በአንድ ሆሽ፣ ማለትም በጭቃ አጥር በተከበበ ግቢ ውስጥ፣ ኡምሰልማ ከባሏ ከከማሉና ከልጇ ከሪሃብ ጋር ሁለቱን ክፍል፣ በለጡ አንዱን ይዘው ነበር። ግቢውን ከሱዳናዊቷ ከሐጃ ባሕሪያ የተከራየው ከማሉ ነው፤ በለጡ በእሱ ፈቃድ የገባች ናት። ሁለቱም ሴቶች የጭልጋ ሰዎች ናቸው። በሰባ ሰባት ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ድንበር ተሻገሩ፤ አንዷ ልጅ አዝላ፣ አንዷ እርጉዝ ሆና። የበለጡ ሕፃን መጠለያው ውስጥ ሞተ። ባሏ አየነው ከብቶቹን አይቼ ልምጣ ብሎ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። የሞተውን ልጇን ስም በዚህ ከተማ ከራሷ በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ኡምሰልማ ናት። በለጡ ሌላ ዘመድ የላትም፤ ኡምሰልማን ካጣች፣ ልጁ እንደተወለደ የሚመሰክርላት ሰው አይኖርም።

ወጥ ቤታቸው አንድ ነው፤ በማሽላ አገዳ የተሠራ ራኩባ። መደርደሪያውም አንድ ነው። ውሃው፣ ማገዶው፣ ጨውና ሽንኩርቱ የጋራ ነው። የአንዷ ቤት ትራፊ የሌላዋ ቁርስ ይሆናል። የማይቀላቀለው ሥጋ ብቻ ነው። የበለጡ ቢላ ሌላ፣ የኡምሰልማ ቢላ ሌላ፤ ድስቱም እንደዚያው። በዚህ ነገር የምትስቀው ሐጃ ባሕሪያ ነበረች። በኛ መጽሐፍ የክርስቲያን ሥጋ አይከለከልም፣ እናንተ ሐበሾች ግን ከመጽሐፉም ትብሳላችሁ ትላቸዋለች። አንድ ቀን ይህን ስትል ከማሉ ሰማት።

«መጽሐፉ የሁላችንም ነው ሐጃ» አላት። «ይሄ ግን የአባቴ ነው። አገሬን አጣሁ፣ ከብቴን አጣሁ፣ ወገቤን አጣሁ። ሆዴን ግን አባቴ እንዳስረከበኝ ይዤዋለሁ።»

በለጡ ይህን ስትሰማ አልከፋትም። እሷም ብትሆን ያው ናት።

ወገቤን አጣሁ ያለው እውነቱን ነው። ከማሉ በእህል ገበያው የሰሊጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበር። በሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከጭነት መኪና ጆንያ ይዞ ወደቀ፣ ከዚያ ወዲያ ጎንበስ ማለት አልቻለም። የዚያ ዓመት መከር ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ድንበሩ ተወጥሮ፣ ዘይቱና ስኳሩ ከሱቅ ጠፍቶ፣ ሐበሻ የሆነ ሁሉ በጎሪጥ ይታይ ነበር። በኡምሰልማ ቤት ድስቱ እየቀጠነ ሄደ። በለጡ ምስሯን አካፈለች፣ ድርቆሿን አካፈለች። ኡምሰልማ በተቀበለች ቁጥር ድሮ ትቀልድ ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ቀልዱን ተወችው።

ገና ደረሰ። የገዳሪፍ ክርስቲያኖች በሬ ገዝተው ቅርጫ ገቡ። በለጡ ለመደብ የምታዋጣው አልነበራትም፤ አንጀቱን ልጠብ ብላ ሄደች። ቀኑን ሙሉ ስታጥብ ውላ ሰው የናቀውን ሁሉ ለቀመች፤ ሞራውን፣ የኩላሊቱን ስብ፣ ከጨጓራው ላይ የተላጠውን። ወደ ማታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። ጧት ከትፋ፣ በዝግታ አቅልጣ፣ ከመተማ የመጣላትን ኮሰረት ጨምራ፣ በጨርቅ አጠለለችው። አንድ ትልቅ ጣሳ ሙሉ ሆነ። ሱዳኖቹ ወደክ ይሉታል፤ በደህና ቀን ኡምሰልማም የራሷን ታቀልጥ ነበር፣ ጣሳዋም ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ በለጡ ጥቁር ክር ፈልጋ ልክ እንደ አንገቷ ማተብ አድርጋ በጣሳው አንገት ላይ፣ ክዳኑን አቋርጣ፣ ሁለት ጊዜ አጥብቃ ቋጠረችው።

ኡምሰልማ አየቻትና ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«እቴ፣ ጣሳውንም ክርስትና አነሳሽው?»

«ምን ላድርግ፣ አረመኔ ሆኖ ይቀመጥ?»

«ስሙንስ ማን አላችሁት?»

«ወለተ ሞራ።»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ሪሃብ ምን እንደሆነ ብትጠይቅም የሚነግራት አጣች። ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ፣ ከአማርኛ ይልቅ ዓረብኛ ቀርቧት ያደገች ልጅ ናት።

በሦስተኛው ቀን ረመዳን ገባ። ሪሃብ በዚያ ዓመት ሙሉ ጾም ልጹም ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘች። የማፍጠሪያው ምግብ ያው ነበር፤ የማሽላ ገንፎ፣ አሲዳ የሚሉት፣ በላዩም ከዌካ የተሠራ ሙላሕ፣ ማለት ውሃ የበዛበት የሚያዳልጥ ወጥ። ጾሙ በገባ በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ከውሃ መቅጃው አጠገብ ራሷን ስታ ወደቀች። በለጡ ከሥራ ስትመለስ ደርሳ አብራ አነሳቻት። የልጅቱ ክንድ በእጇ ላይ እንደ አገዳ ቀለላት። ስለ ጣሳው ያኔ አሰበች። አስባም ዝም አለች። የክርስቲያን ስብ ውሰዱ ማለት ለተራበ ሰው ስድብ መጨመር ነው፤ እሷ በእነሱ ቦታ ብትሆን የሚሰማትን ታውቀዋለች።

ኡምሰልማ ግን ባላት ነገር አልሰሰተችም። በየማታው ሪሃብን ትንሽ ሳህን ታስይዛት ነበር፤ «ኻልቲ በለጡ፣ እናቴ ናት የላከችው» ብላ ልጅቱ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ ሳህኑን ታቀብላታለች። ሥጋ የሌለበት ስለሆነ በለጡ ትበላዋለች፤ ሳህኑንም በእንጀራ ፍርፋሪ ጠርጋ ትመልሳለች።

የመጀመሪያው እሑድ ስንጥሯን ጣሳው ውስጥ ብትከት ሞራው አንድ ጣት ወርዷል። እሷ ከዚያ ሦስት ማንኪያ እንኳ አላወጣችም። ጣሳውን አገላብጣ አየች፤ አልተበሳም። ጉንዳን አልገባበትም። የረጋ ሞራ አይተንም። ወይ አይጥ፣ ወይ ድመት ብላ ክዳኑን መረመረች፤ የጥርስ ምልክት የለውም። ጫረችና ተወችው።

ሁለተኛው እሑድ ሌላ ሁለት ጣት ወርዶ አገኘችው። ያኔ አመድ በወንፊት ነፍታ መደርደሪያው ላይ በስሱ ነሰነሰች፤ አይጥ ከሆነ እግሩ ይታያል። ለአራት ቀን ጧት ጧት ከሥራ በፊት ጎንበስ ብላ አየች። የአይጥ እግር የለም። በአራተኛው ቀን ግን ጣሳው የተቀመጠበት ክብ ምልክት ሁለት ሆኗል፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ፣ በመካከላቸው የግማሽ ጣት ልዩነት። አይጥ ጣሳ አንስቶ መልሶ አያስቀምጥም። ክሩን ተመለከተች። እሷ ሁለት ጊዜ ነበር የምትቋጥረው፤ ይሄ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስቦ ለመፍታት እንዲመች ሆኖ በቀለበት ታስሯል።

ይህንንም ለማንም አልተናገረችም። ሰው ነው ብላ ደመደመች፤ ማን ነው የሚለውን ግን ገፋ አደረገችው። የጤና ጣቢያው ሐኪም አንድ ምልክት በሽታ አይደለም ሲል ሰምታ ነበር።

ሌላው ምልክት በረመዳን ሃያኛው ማታ መጣ። ሪሃብ ያመጣችውን ሳህን አንድ ጉርሻ ጎርሳ ቆመች። ሙላሑ ከወትሮው ወፍሯል፣ ከንፈር ላይ ይቀራል። ከምላሷ ሥር ደግሞ ኮሰረት መጣ። በዚህ ግቢ ኮሰረት ያላት እሷ ብቻ ናት፤ የተጨመረበትም ነገር አንድ ነው። ሁለተኛ ጎረሰች፣ ሦስተኛ ጎረሰች፤ ረሃብ አልነበረም፣ እርግጠኛ ለመሆን ነው።

ያን ማታና በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ጠርሙስ እያጠበች ነገሩን አቀናጀችው። ኡምሰልማ እያወቀች ይህን አታደርግም፤ ይህ ለበለጡ ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣ ያህል ነበር። ስለዚህ የቀረችው ልጅቱ ናት። ኡምሰልማ ወደክ አምጪ ብላ ትልካታለች፤ ልጅቱ ጾም አዙሯት፣ በጨለማው ራኩባ ውስጥ የተሳሳተውን ጣሳ ታነሳለች፤ ክሩንም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ፈትታ ታስራለች። ወደ ሦስት ሳምንት ያህል ያ ቤት በክርስቲያን ሞራ አፈጠረ፤ ከማሉም፣ ያ ሆዴን ይዤዋለሁ ያለው ሰው። ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም። በአንድ መደርደሪያ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ጣሳ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ብትነግራት ኡምሰልማ በሐፍረት ትሞታለች፣ ከማሉም ልጁን ይገድላታል። ዛሬ ስገባ ጣሳውን አንስቼ ክፍሌ አስገባለሁ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል አለች።

ያን ዕለት ማታ ከማሉ እንግዳ እንደጠራ ግን አላወቀችም።

እንግዳው ዩኑስ ነበር፤ የወሎ ሰው፣ በሰሊጥ ገበያው መጋዘን ያለው። ሚዛን አጠገብ ተቀምጦ የሚያይለት ታማኝ ሰው ይፈልጋል፤ ወገብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ከማሉ ሦስት ቀን ደጅ ጠንቶ አብረን እናፍጥር ብሎ እሺ አሰኘው። ኡምሰልማ ከሐጃ ባሕሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም ለምና፣ የቀራትን ዌካ ሁሉ አሟጣ፣ ትልቁን ድስት ጣደች።

በለጡ ከሥራ ስትገባ ለመግሪብ አዛን ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶ ነበር። ቀጥታ ወደ ራኩባው ሄደች። ድስቱ እሳት ላይ ይንተከተካል፤ ኡምሰልማ የለችም፣ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። ጣሳውን አነሳች። ክሩ አንድ ቋጠሮ ነው። ከፈተችው፤ ማንኪያው የዛቀበት አዲስ ጎድጓዳ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ጠርዙ ገና አልደረቀም። ወደ ድስቱ ጎንበስ ስትል የኮሰረቱ ሽታ ፊቷን መታት።

ከግቢው በወዲያ በኩል ከማሉ ሰሌን ሲዘረጋ ይሰማታል። ሪሃብ ውሃ እየረጨች አቧራ ታረግባለች።

ቆማ አሰበች። እስከ ትናንት የሆነው ባለማወቅ የሆነ ነው፤ ባለማወቅ የሆነን ነገር አላህም እግዚአብሔርም ይተወዋል። ዛሬ ግን እሷ ታውቃለች። አውቃ ዝም ብትል፣ ያበላቻቸው እሷ ናት። እንግዳውም ምንም የማያውቅ ሰው ነው። ሄዳ ብትናገር ደግሞ የዚህ ቤት ነገር በዩኑስ ፊት ያበቃል። ሦስተኛ መንገድ ፈለገች፤ ያገኘችው አንድ ነው። ድስቱን በጨርቅ ይዛ አነሳች፣ ከራኩባው ኋላ ወዳለው የአመድ ጉድጓድ ወሰደችና ገለበጠችው።

በሕይወቷ ምግብ ስትደፋ የመጀመሪያዋ ነበር። ሙላሑ አመዱ ላይ ተንፈራጥጦ እንፋሎት አወጣ።

ቀና ስትል ኡምሰልማ ጀሪካኑን እንደያዘች ቆማለች።

«እንሽላሊት ገባበት» አለች በለጡ።

ኡምሰልማ ጉድጓዱን አየች፤ ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረች፤ ክዳኑ የተከፈተውን ጣሳ፣ ተፈትቶ የተንጠለጠለውን ክር አየች። በመጨረሻም በለጡን።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ትልቅ ነው?»

«ትንሽ ነው።»

ኡምሰልማ ጀሪካኑን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ንዴት ይመጣል ብላ በለጡ ጠብቃ ነበር። የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ በር እንደሚዘጋ ያለ።

በለጡ የምትችለውን አደረገች። ድርቆሿን በሙሉ አወጣች፣ በቀረው ቲማቲም፣ በሎሚና በሚጥሚጣ አርሳ፣ የሰሊጥ ዘይት ጠብታ ሳይቀር ጨምቃ ትልቅ ትሪ ፍትፍት ሠራች። አዛን ሲል እንግዳው በቴምር አፈጠረ፣ ትሪው ቀረበለት። ዩኑስ ጨዋ ሰው ነው፤ ደጋግሞ ጎረሰ፣ የእናቴን ስንቅ አስታወሰኝ አለ። ከማሉ ግን አንገቱን ደፍቶ ነበር። ለረመዳን እንግዳ የመንገደኛ ስንቅ፣ የደረቀ እንጀራ አቀረበ። ቃል አስገባዋለሁ ብሎ ያሰበውን ነገር ሳያነሳው እንግዳው ተነስቶ ሄደ። ከአራት ቀን በኋላ ሚዛኑ ላይ ሌላ ሰው መቀመጡ ተሰማ። በምግቡ ይሁን በሌላ የሚያውቅ የለም፤ ከማሉ ግን ያወቀ መሰለው።

ወሬው በተሰማ በማግስቱ ጧት ወጥቶ በማያጎነብስ ወገቡ ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ የጉድጓዱን አመድ በወንፊት ሲነፋ ዋለ። ከዚያ ሁለቱን ሴቶች ጠራ።

«እንሽላሊት አጥንት አለው» አለ። «ድንጋይ አገኘሁ፣ ከሰል አገኘሁ፣ አንድ ቁልፍ አገኘሁ። እንሽላሊት የለም። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ እሳት አብስለናል። እንዲህ ምግብ የማትደፋ ሴት የእስላም ማፍጠሪያ ሲሆን ደፋች። ንቀቷን ይህን ያህል ዘመን እንዴት እንደያዘችው ነው የገረመኝ።»

በለጡ ስለ ጣሳው አንድ ቃል ብትናገር ንቀት እንዳልሆነ ይታወቅላት ነበር። ወደ ኡምሰልማ አየች። ኡምሰልማ ምስር ትለቅማለች፤ ጠጠሩን ወደ አንድ በኩል፣ ምስሩን ወደ አንድ በኩል። ቀና አላለችም። ሪሃብ በሩ ላይ ቆማ ጣቷን ትነክሳለች።

«ተሳስቼ ይሆናል አያ ከማሉ» አለች በለጡ። «ዓይኔ ይሆናል።»

ከዒድ በኋላ እንድትወጣ ነገራት። ሐጃ ባሕሪያ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ አንዲት ክፍል አገኘችላት፤ ስታገኝላትም እናንተ ሐበሾች ስለ ሥጋ ትጣላላችሁ ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ስለ ባሚያ ግን ዛሬ አየሁ አለች። በለጡ ለመሳቅ ሞከረች።

የምትወጣበት ቀን ከማሉ ሆን ብሎ ከቤት ወጥቶ ነበር። በለጡ ጣሳዎቿን አንድ በአንድ እያነሳች ቅርጫት ውስጥ ስትደረድር ኡምሰልማ ወደ ራኩባው ገባች። ከዚያ ማታ ወዲህ ብቻቸውን ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ነው። በለጡ ማተብ ያሰረው ጣሳ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከግማሽ በታች ቀርቶታል። ክሩን ፈትታ እጇ ላይ ጠቀለለችና ጣሳውን ባዶ አንገቱን መደርደሪያው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ያለ ምልክት። ከዚህ በላይ የምታውቀው ይቅርታ አልነበረም።

«ሪሃብን አትቆጪያት» አለች። «ልጅ ናት፣ ጣሳው ተምታቶባት ነው።»

«ምንም አልተምታታባትም» አለች ኡምሰልማ። «ልጄ ጣሳሽን ነክታ አታውቅም።»

በለጡ ዞር አለች።

«እኔ ነኝ። ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ። የእኔ ጣሳ ያለቀው ከገና በፊት ነው፤ አንድ ቀን ከፍተሽ ብታዪው ኖሮ ታውቂ ነበር። ግን የሰው ጣሳ አትከፍቺም።» ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «ለሪሃብ ጨመርኩ፣ ለከማሉ ጨመርኩ፣ እኔም በላሁ። እነሱ አያውቁም፣ ኃጢአቱም የእኔ ነው። ከአላህ ጋር የምተሳሰበው እኔ ነበርኩ። በእኔና በእሱ መካከል የነበረውን ድስት ነው የደፋሽው።»

«ኡምሰልማ፣ እኔ እኮ...»

«ሁለት ቋጠሮ ማሰር የማልችል ይመስልሻል? አሥራ ሁለት ዓመት ዕቃሽን ስትቋጥሪ አይቼሻለሁ። አንድ ያደረግሁት እንድታዪው ብዬ ነው። ሳህኑን በየማታው የላክሁልሽ እንድትቀምሺው ብዬ ነው። ማታ ማታ፣ ነገ ትጠይቀኛለች፣ ነገ ኡምሰልማ ምን ነካሽ ትለኛለች ብዬ ተኛሁ። አፌ አልከፈት ብሎኝ ነው፤ ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። አንቺ አመድ ነሰነስሽ። ለአይጥ የሚነሰነስ አመድ።»

በለጡ ያየችው ሁሉ ልክ ነበር፤ ጣቱ፣ ክቡ፣ ቋጠሮው፣ ኮሰረቱ። ስንጥር ስትከት፣ አመድ ስትነፋ፣ ወደ ሦስት ሳምንት ያህል ከጎኗ ቆማ ሽንኩርት የምትከትፈውን ሴት ቀና ብላ አላየቻትም።

«ልንገረው?» አለች በመጨረሻ። «ለአያ ከማሉ። ሁለታችንም ሆነን።»

«ነግረሽው የት ልገባ ነው?»

ኡምሰልማ እጇን ዘረጋች። ክሩን ከበለጡ ጣት ላይ ፈታች፣ ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረደች፣ በአንገቱ ላይ ክዳኑን አቋርጣ ጠመጠመችና አጥብቃ ቋጠረች። ደግማ ቋጠረች። ልክ በለጡ እንደምትቋጥረው ነበር፤ ጫፉ እንኳ ወደ ቀኝ ዞሮ።

«ወለተ ሞራን ይዘሻት ሂጂ» አለች። «እዚህ ዘመድ የላትም።»

ጣሳውን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጣ ወጣች።

ከሐዲዱ ማዶ ያለችው ክፍል ጠባብ ናት፤ ጣራዋ ግን ለማስጣት ይመቻል። በለጡ ለአንድ ሰው ማብሰል አልቻለችበትም ነበር። ቀስ በቀስ ልኩን አገኘችው፤ አንድ እፍኝ ምስር፣ ግማሽ ሽንኩርት። ከዚያ ወዲህ ምንም አይተርፋትም፤ የሚሰጣ የለም፣ የሚላክ ሳህን የለም፣ የሚመጣም የለም። ወለተ ሞራን መደርደሪያዋ ላይ ብቻዋን አስቀመጠቻት። እሑድ እሑድ ሁለቱን ቋጠሮ ፈትታ ስንጥሯን ትከትና ትለካለች። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሞራው ቀልጦ ሽታው ተለወጠ፤ ለምግብ እንደማይሆን አወቀች። አልደፋችውም። መልሳ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

ጣሳው ጎን ላይ የመጨረሻው ጭረት አንድ ነው። በየሳምንቱ ምስማሯን እዚያው ላይ ስለምታሳርፍ እየጠለቀ ሄደ እንጂ ወደ ታች አልወረደም። አንድ ጣት እንኳ አልጎደለም።